ኢታኖል መኪናዬን በላው ተባልኩ፤ 2,100 ዶላር ልክፈል?

የሴንት ፖሉ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። የ2012 ካምሪ አለችኝ፣ ባለ 4 ሲሊንደሯ። እንጀራዬ እሷ ናት፤ ሰው እያመላለስኩ በዓመት ወደ 40,000 ማይል እነዳታለሁ። ከገዛኋት 6 ዓመት ሆነኝ። ዘይቷን በሰዓቱ እቀይራለሁ፣ እስካሁንም መንገድ ላይ አስቀርታኝ አታውቅም።

ባለፈው ወር የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ከዚያ ደግሞ ነዳጅ ሞልቼ ስነሳ ከኋላ በኩል ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኝ ጀመር። አንድ ቀን ተሳፋሪዬ ምንም ሳትናገር መስኮቱን ከፈተች። ያን ዕለት ሥራ አቁሜ ቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። ሰውየው መኪናዋን ወደ ላይ አንስቶ ከስር አየና «ኢታኖል ነው የበላት፣ የዚህ አገር ቤንዚን በሙሉ አልኮል ይገባበታል፣ አልኮል ደግሞ ብረቱን ከውስጥ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ታንኩም ፓምፑም የነዳጅ መሙያ ቱቦውም አንድ ላይ መቀየር አለባቸው» አለኝ። ዋጋው 2,100 ዶላር። «ዛሬ ካላሠራሃት ነገ ሞተሩም ይከተላል» ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። እውነት 10 ከመቶ ኢታኖል ሞተር ይበላል? የሚበላ ከሆነስ ይሄ ሁሉ መኪና እንዴት ይሄዳል? ደግሞ እኔ ከአምና ዊንተር ጀምሮ የምሞላው 88 ተብሎ የሚሸጠውን፣ 15 ከመቶ ኢታኖል ያለበትን ነው፤ በጋሎን 10 ሳንቲም ስለሚቀንስልኝ። ምናልባት ጥፋቱ የራሴ ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነው። ሰፈሬ ያለ አንድ ማደያ ኢታኖል የሌለበት 91 ይሸጣል፣ ግን በጋሎን አንድ ዶላር ገደማ ይበልጣል። ወደ እሱ ልዙር?

የበረዶ መጥረጊያ ማሽኔም ዘንድሮ አልነሳም ብላለች። አምና ከዚያው ከ88ቱ በጀሪካን ቀድቼ የሞላሁላትን ይዛ ነው ሰመሩን ሙሉ የቆመችው። ሁለቱ ሲገጣጠሙብኝ ሰውየው ልክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ፈራሁ። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ 2,100 ዶላር ለኔ የአንድ ወር ተኩል የቤት ኪራይ ነው።


ካርቡራቶር፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ሽታው። ቤንዚን የሚሸት መኪና ይዞ መሥራት አይቻልም፣ የእሳት ነገር ነው። የትም ይሁን የት ነገውኑ አሳያት፣ እስከዚያ ደግሞ ታንኩን እስከ አፉ አትሙላው፣ ጋራዥ ውስጥ ዘግተህም አታሳድራት።

አሁን ወደ ኢታኖሉ። በዚህ ሥራ ላይ 22 ዓመቴ ነው። ሥራ የጀመርኩት ሶማሌ ተራ አጠገብ ካርቡራቶር፣ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ በማጠብ ነው፤ ያለፉትን 14 ዓመታት ደግሞ እዚሁ ሚኒያፖሊስ። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ ሁሉ ኢታኖል የገባበት ቤንዚን እንዲሸጥ ያደረገች ቦታ ናት። በቆሎው እዚሁ ይበቅላል፣ ኢታኖሉም እዚሁ ይመረታል። ያንተ ካምሪ የተሠራችው ከዚያ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። የነዳጅ ቱቦዎቿ፣ ጎማዎቿ፣ ማሸጊያዎቿ ሁሉ 10 ከመቶ ኢታኖልን ችለው እንዲኖሩ ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው። 10 ከመቶው ሞተር የሚበላ ቢሆን ኖሮ በዚህ ከተማ እስካሁን የሚሄድ መኪና ባልተገኘ።

ኢታኖል ምንም አይጎዳም ግን አልልህም፤ እሱም ውሸት ይሆናል። የኢታኖል ጠባዩ ውሃ መውደዱ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከገባ ውሃው ለብቻው ወደ ታች ይወርዳል፣ አይዋሃዱም። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ግን ውሃውን ይዞት ይቆያል። ትንሽ እስከሆነ ድረስ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ከነዳጁ ጋር አብሮ ተቃጥሎ ይወጣል። 10 ከመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግማሽ ከመቶ ያህል ውሃ ይሸከማል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ብርዱ ከበረታ፣ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር አብሮ ይወርድና ታንኩ ሥር ይተኛል። ብረት የሚበላው ያ የተኛው ነው። ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ነሐስ፣ የድሮ ካርቡራቶር የሚሠራባቸው ነገሮች በሙሉ፣ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣሉ። የድሮ ጎማና ቡሽም ያብጣል፣ ቆይቶ ይሰነጠቃል።

ይሄ ሁሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ነዳጁ መቆም አለበት። ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ያንተ ታንክ የሚይዘው 17 ጋሎን ነው፣ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ይሞላል። በ4 ቀን ውስጥ አዲስ ነዳጅ ይገባል። ውሃ የሚጠራቀምበት ጊዜ የት አለ? ሲሊንደር ውስጥ የደረሰውማ ወዲያው ይቃጠላል፣ ብሎክና ፒስተን ላይ ቁጭ ብሎ የሚበላበት ዕድል የለውም። «ነገ ሞተሩ ይከተላል» ያለህን ከአእምሮህ አውጣው፣ ተኛ።

የኔን ጥርጣሬ ልንገርህ። እዚህ አገር መኪና የሚበላው ጨው ነው። ዊንተሩን ሙሉ መንገድ ላይ ሲበተን ይከርማል። የነዳጅ መሙያው ቱቦ ከክዳኑ ተነስቶ ወደ ታንኩ የሚወርደው በኋላው ጎማ ጥግ በኩል ነው፤ ጎማው የሚረጨው ጭቃና ጨዋማ በረዶ እዚያ ስርጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሰመር ላይም አይታጠብም፣ ስለዚህ ቱቦውን ከውጭ ወደ ውስጥ እየፋቀ እየፋቀ በመጨረሻ ይበሳዋል። በቀዳዳው የነዳጅ ትነት ይወጣል። ኮምፒውተሩ ትነቱ እንደፈሰሰ ያውቅና መብራቱን ያበራል። ኮዱ ፒ0455 ወይም ፒ0456 ከሆነ ትርጉሙ ይሄው ነው። ስትሞላ ሽታው የሚብሰውም ለዚህ ነው። እኔ ከማርች እስከ ሜይ ይሄን ቱቦ ስቀይር ነው የምውለው፣ የሁሉም ዓይነት መኪና።

ስለዚህ ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ዝገቱን አሳየኝ።» ከውጭ ከሆነ ኢታኖል አይደለም። ከውስጥ ከሆነ ቱቦውን ፈትቶ በባትሪ ያሳይህ። ታንኩን ከስር እይ፤ የአሁን መኪኖች ብዙዎቹ ታንካቸው ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ አይዝግም። ፓምፑ ታሞ ከሆነ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። ለመነሳት ትዘገያለች፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ትደክማለች፣ ግፊቱም ተለክቶ በቁጥር ይታያል። ሳይለካ ፓምፕ አይቀየርም። ጭስ በስርዓቱ ውስጥ አስገብተው ቀዳዳው የት እንደሆነ የሚያዩበት ምርመራ አለ፣ እሱን አስደርግ። የት እንደሚፈስ በዓይንህ ታያለህ።

ስለ 88ቱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 15 ከመቶውን የፈቀደው ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ መኪኖች ነው፣ በዚያ ሂሳብ ካምሪህ ትገባለች። የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ ገልጠህ ብታነብ ግን እስከ 10 ከመቶ ነው የሚለው። መንግሥት ፈቀደ ማለት አምራቹ ኃላፊነት ወሰደ ማለት አይደለም። እኔ በ15 ከመቶ የተበላሸ ሞተር በእጄ አልገጠመኝም። ቢሆንም አምራቹ 10 ብሎ ከጻፈ 10 ነው የምሞላው፣ በተለይ በመኪናዬ የምተዳደር ከሆነ።

ትርፉንም ቁጭ ብለህ አስላው። ጋሎኑ 3 ዶላር ነው እንበል፣ መኪናህ ደግሞ በጋሎን 28 ማይል ትሄዳለች። 40,000 ማይል ለመሄድ ወደ 1,430 ጋሎን ያስፈልግሃል፣ 4,285 ዶላር ገደማ። ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ሲነጻጸር በጋሎን ኃይሉ በሲሶ ያንሳል። ስለዚህ 15 ከመቶው ከ10 ከመቶው ጋር ሲተያይ ወደ 2 ከመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠጣል። 1,455 ጋሎን በ2 ዶላር ከ90 ስትመታው 4,220 ይመጣል። በዓመት ያተረፍከው 65 ዶላር አካባቢ ነው። 10 ሳንቲም በጋሎን ሲታይ ብዙ ይመስላል፣ ዓመቱን ስታየው ግን ያን ያህል ነው። ለሱ ብለህ አትጨነቅ፣ ለሱ ብለህም ከመጽሐፉ አትውጣ።

ኢታኖል የሌለበትን 91 ለካምሪ አትሙላ። በጋሎን አንድ ዶላር ከበለጠ፣ ትንሽ ራቅ አድርጎ የሚወስድህን እንኳ ቆጥረህለት፣ በዓመት ከ1,200 ዶላር በላይ ትከስራለህ። ማደያው ላይ የተለጠፈውንም አንብብ። እዚህ ክፍለ ግዛት የሚሸጠው ለጀልባ፣ ለሞተር ሳይክል፣ ተጠብቀው ለሚቀመጡ የድሮ መኪኖች፣ ለሣር ማጨጃና ለመሳሰሉት ነው። ለበረዶ መጥረጊያህ ግን እሱ ነው የሚያስፈልገው። ስለ እሷ በኋላ እመለሳለሁ፣ አሁን ሰው እየጠበቀኝ ነው።


የብሩክሊን ፓርኳ፦

ካርቡራቶር ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ማደያ ላይ ስላለው ቢጫው እጀታ፣ ኢ85 የሚባለው ነዳጅ ስለሚቀዳበት፣ ነው፣ አዲስ የመጡ ልጆች ስለሚያነቡት ይጠቅማል ብዬ።

እዚህ በመጣሁ በሁለተኛ ወሬ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ኢ85 የሚለውን ኮሮላዬ ላይ ሞላሁ። 10 ጋሎን። ማንም አልነገረኝም፣ ማደያው ላይ የተጻፈውንም በቅጡ አላነበብኩትም። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞ አይይዝም፣ መብራቱም በራ። አለቀስኩ፤ ያኔ ያቺ መኪና ያለኝ ነገር ሁሉ ነበረች። ወንድሜ ደውዬለት «ተረጋጊ፣ ሞተሩን አስጨንቀሽ አትንጂ፣ ሩብ በጎደለ ቁጥር ተራውን ቤንዚን ጨምሪበት» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞላሁ፣ መብራቱ ራሱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምንም ችግር አልታየባትም፣ 5 ዓመት ነዳኋት።

ኢ85 ሲባል በውስጡ ያለው ኢታኖል ከ51 እስከ 83 ከመቶ ነው፣ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ተራ መኪና ያን ያህል ኢታኖል ሲገባበት ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ነዳጅ አይበቃውም፣ ሞተሩ ይራባል። አንድ ጊዜ በስህተት መሙላት አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፣ እየደጋገሙ መሙላት ግን የነዳጅ መስመሩን ይጎዳዋል። ለኢ85 የተሠራ መኪና ፍሌክስ ፊውል የሚል ምልክት ከኋላው አለው፣ ወይም የነዳጅ ክዳኑ ቢጫ ነው። ከሌለው አትንኩት።

ባለቤቴ ፍሌክስ የሆነ ኢምፓላ አለው። ለሱም ቢሆን ርካሽ የሚመስለው ሁሉ ርካሽ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ደብተር ላይ እየጻፍን አየነው። በተራው ቤንዚን በጋሎን 24 ማይል፣ በኢ85 ደግሞ 18። ሩቡ ሄደ። ስለዚህ እኛ ቤት ሕጉ ግልጽ ነው፦ ቤንዚን 3 ዶላር ከሆነ ኢ85 ከ2 ዶላር ከ25 በታች ካልወረደ አይሞላም። አንዳንድ ሳምንት ይወርዳል፣ ያኔ እንሞላለን። በኃይለኛው ብርድ ግን ባለቤቴ ተራውን ነው የሚመርጠው፣ ኢታኖል በብርድ ቶሎ አይተንም፣ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል።

ሴንት ፖሉ ወንድሜ፣ 2,100 ዶላሩን ሁለተኛ ሰው ሳያየው እንዳትከፍል። ስለ ልጆችህ ስትጽፍ አንጀቴን በላኸው።


የጉለሌው፦

እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ልጄ፣ ይሄ ፍርሃት እኛም ጋ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 ከመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ሲጀምር ታክሲ ተራው ሁሉ ተንጫጫ። ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው፣ ከሸንኮራው ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ የሚወጣው። በ2011 ደግሞ ወደ 10 ከመቶ ከፍ አለ። ያን ጊዜ የነበረችኝ ዲኤክስ ናት፣ ካርቡራቶር ያላት፣ የ80ዎቹ ሥሪት። ኢታኖል ሲሠሯት ያላሰቡላት መኪና ማለት እሷ ናት።

የሆነውን እንዳለ ልንገርህ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የነዳጅ ፊልትሮዋ ሁለቴ ተደፈነ። ሰዉ «ኢታኖሉ ታንኬን አዛገው» ይል ነበር። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፊልትሮውን ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፎ አሳየኝ። የወጣው የሃያ ዓመት ቆሻሻ ነው፣ ጥቁር ሙጫና የድሮ ዝገት። «ይሄ አዲስ አይደለም፣ ታንኩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የኖረ ነው፣ አልኮሉ አጥቦ አወረደው» አለኝ። እውነቱን ነው። ታንኩን አስወርዶ አሳጠበልኝ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ሦስተኛ ጊዜ አልተደፈነም።

ጎማዎቹ ግን ተጎድተዋል፣ ያን አልክድም። ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶር የምትሄደው የጎማ ቱቦ ለስልሳ ላብ የምታወጣ ትመስል ነበር፣ በጣቴ ስጫናት ጭቃ ሆነች። ለነዳጅ ተብሎ በተሠራ ደህና ጎማ ተቀየረች። ዋጋዋ ለምሳ ከማወጣው ብዙም አይበልጥም ነበር። ከዚያ በኋላ ያቺን መኪና 7 ዓመት ነድቼ ለወንድሜ ልጅ ሰጠኋት። ሞተሯ ሳይወርድ።

አሁን ይሄን ነገር እዚህ ያለ ሰውም ማወቅ አለበት የምለው ለምን መሰለህ? ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እጃችን ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ናት የምትኖረን። ያረጀ መኪና ያለው ሰው ጎማና ፊልትሮውን በጊዜ ይቀይር፣ ክረምት ሲገባ የነዳጅ ክዳኑ ጎማ መዝጋቱን ይይ፣ መኪናውን ትቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ታንኩን ግማሽ ባዶ አድርጎ አያቁም። ባዶው ቦታ አየር ነው፣ አየሩ እርጥበት አለው፣ ሌሊት ይቀዘቅዝና ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል።


ከስቶክሆልም፦

ጋሼ የጻፉት ስለ ፊልትሮው እዚህም የታየ ነው። ስዊድን ከኦገስት 2021 ጀምሮ 95 ቤንዚን ወደ 10 ከመቶ ኢታኖል ተቀይሯል፣ 98ቱ ግን 5 ከመቶ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ በጣም የቆየ መኪና ያለው ሰው 98 ይሞላል፣ ዋጋው ትንሽ ይበልጣል። የመኪናው አምራች 10 ከመቶውን መቀበል አለመቀበሉን መጀመሪያ ማጣራት ነው፣ አብዛኛው የቤንዚን መኪና ይቀበላል።

እኔ ራሴ ለኢ85 የተሠራች ቮልቮ ቪ50 ነበረችኝ። 8 ዓመት ነድቻታለሁ፣ ከውስጥ የተበላ ነገር አላየሁም። ወጪ የጨመረብኝ ሌላ ቦታ ነው። በብርዱ ወራት እዚህ የሚሸጠው ኢ85 ውስጥ ኢታኖሉ ወደ 75 ከመቶ ዝቅ ይላል፣ ያም ሆኖ ያለ ሞተር ማሞቂያ ጠዋት ማስነሳት መከራ ነው። ቅዝቃዜ ላይ ሳይቃጠል የሚቀረው ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ ዘይት የምቀይረው ሌሎች ከሚቀይሩት ቀደም ብዬ ነው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሰው ይሄን ያስብበት። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ግን ዘይቱ በደንብ ስለሚሞቅ የወረደው ይተንናል።


የሴንት ፖሉ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የሽማግሌውን መካኒክ ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት።

ካርቡራቶር፣ እንዳልከው ተመልሼ ሄጄ «ዝገቱን አሳየኝ» አልኩት። ማንሻው ላይ ሰው አለ ብሎ አላሳየኝም። ኮዱን ግን ወረቀቱ ላይ አገኘሁት፣ ፒ0455 ነው የሚለው። ሌላ ቦታ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ነገ ጠዋት 8 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጆቹ። የጭሱን ምርመራ ጠይቄያቸዋለሁ፣ 120 ዶላር ነው፣ ጥገናውን እነሱ ጋ ካሠራሁ ከሂሳቡ ይቀነስልኛል። ሌላ ምን ልጠይቅ? ደግሞ ማደያዎች ላይ የሚሸጡት ኢታኖል ያጠፋሉ የሚባሉ ጠርሙሶች ይጠቅማሉ? ሰውየው ሁለት ጠርሙስ ሸጦልኝ ነበር።


ካርቡራቶር፦

ከታንክ ውስጥ ኢታኖልን የሚያጠፋ ጠርሙስ የለም። የገባው ኢታኖል ተቃጥሎ እስኪያልቅ እዚያው ነው። ለሚቆም ነዳጅ የሚጨመር ማቆያ ፈሳሽ ግን አለ፣ ቤንዚኑ ቶሎ እንዳያረጅ ያደርጋል፣ እሱ ለማሽንህ ይጠቅማል። በየቀኑ ለምትነዳው ካምሪ አያስፈልግም። ያልከፈትከውን ጠርሙስ ከነደረሰኙ መልስ።

ነገ የምትጠይቀው፦ አሮጌው ቱቦ ሲፈታ ለኔ ይሰጠኝ በል። እጅህ ላይ ይዘህ ታየዋለህ። ቱቦው ከታንኩ ጋር የሚገናኝበት ማሸጊያም አብሮ ይቀየር፣ በርካሽ የሚገዛ ነው፣ አሮጌውን መልሶ መግጠም ዋጋ ያስከፍላል። የፍሬን ቱቦዎቹንም እዚያው ከስር ይዩልህ። ጨው ያንን ከበሳ ይሄም አይቀርለትም፣ የፍሬኑ ደግሞ ከቤንዚኑ ሽታ ይብሳል።

ማሽኗን በተመለከተ እዚያ ላይ ሰውየው ያለው ለካምሪው ሳይሆን ለሷ ይሠራል። 15 ከመቶው ለትንንሽ ሞተሮች ጨርሶ አልተፈቀደም፣ እጀታው ላይም ተጽፏል። አምራቾቹ የሚቀበሉት እስከ 10 ነው። እሱንም ቢሆን ይዛው 8 ወር መቆም የለባትም። ያለውን ቤንዚን አውጣና በመስታወት ጠርሙስ አድርገህ እየው። ከሥር የተለየ ሽፋን ካየህ ውሃና ኢታኖሉ ተለይተው ወርደዋል ማለት ነው። ካርቡራቶሯ ሥር ያለችውን ጽዋ በአንድ ብሎን ፍታት። ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በካርቡራቶር ማጠቢያ እርጭና በአየር ንፋ፣ ሽቦ አታስገባ፣ ነሐሱን ታሰፋዋለህ። ከዚያ ያን 91 ሙላላት። ዊንተር ሲያልቅ ደግሞ የነዳጁን ቧንቧ ዝጋና ራሷ ነዳጅ ጨርሳ እስክትጠፋ አስነሳት። ካርቡራቶሯ ደርቆ ይቆም።


የሴንት ፖሉ፦

ተመልሼ መጣሁ። ቱቦው እጄ ላይ ነው። በኋላው ጎማ በኩል ያለው ጎን እንደ ደረቀ እንጀራ እየተፈረፈረ ይራገፋል፣ ትንሿን ጣቴን የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። በባትሪ አብርቼ ውስጡን አየሁት፣ ቀዳዳው አካባቢ ካልሆነ በቀር ውስጡ ንጹሕ ነው። ጭሱን ሲያስገቡት በዚያች ቀዳዳ ብቻ ወጣ፣ ሌላ ቦታ የለም። ታንኩን አሳዩኝ፣ ምንም የለበትም። የፓምፑን ግፊት ለኩት፣ ልክ ነው። በጠቅላላው 340 ዶላር ከፈልኩ፣ ምርመራው ተቀንሶልኝ። የፍሬኑን ቱቦ አንድ ቦታ ላይ መዛግ ጀምሯል ብለዋል፣ ከሚቀጥለው ዊንተር በፊት አሠራዋለሁ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ትናንት ማታ ሞልቼ ስነሳ ምንም አልሸተተኝም።

88ቱንም ትቻለሁ። ለ65 ዶላር ብዬ ከመጽሐፉ አልወጣም።

ማሽኗን ቅዳሜ ከልጄ ጋር ፈታናት። ጽዋዋ ውስጥ ያልከው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሞልቶ ነበር፣ ልጄ ጥርስ ሳሙና መሰለው። ከታንኳ የቀዳሁት ቤንዚንም ጠርሙስ ውስጥ ሲቆም ለሁለት ተከፈለ። ሁለት ጊዜ አጠብናት። በአምስተኛው ስንስባት ተነሳች።